ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ልጆችን በጥንቃቄ ማስተማር፦ ለትምህርት ቤትና ለቤት የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ወረርሽኝ ሲመጣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቀድመው የሚገዙት የሙቀት መለኪያና የሚረጭ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ከሩቅ ይታያሉ፤ ወላጅም በር ላይ ሲያያቸው ልቡ ያርፋል። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ላይ ግን ሁለቱም የሚፈይዱት ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ወረርሽኝ መሆኑን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። ሲከፈቱም ጠረጴዛውን በቀን ሦስት ጊዜ እየወለወለ መስኮቱን ዘግቶ ያስተማረ ትምህርት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በምንድን ነው? እንደ ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ ከሆነ ገንዘቡም ጉልበቱም ወደ ውኃ፣ ወደ መጸዳጃ ቤትና ወደ ምግብ ማብሰያው ይሂድ። እንደ ኢቦላ በሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ከሆነ የታመመን ሰው በፍጥነት መለየትና አለመንካት ይቀድማል። እንደ ኮቪድ፣ እንደ ኢንፍሉዌንዛ ወይም እንደ ኩፍኝ በትንፋሽ ከሆነ ቀዳሚው የክፍሉ አየር ነው። ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለዚህ ለመጨረሻው ዓይነት ነው።

ከመክፈት በፊት፦ አንድ ገጽ ዕቅድ

ከአምስት ሰው ያልበለጠ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ርዕሰ መምህር፣ አንድ መምህር፣ አንድ የወላጅ ተወካይ፣ ጽዳቱን የሚመራው ሰው፣ ቢቻል ደግሞ በአቅራቢያ ካለ ጤና ተቋም አንድ ባለሙያ። ኮሚቴው የሚጽፈው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በገጹ ላይ ሦስት ሁኔታዎች ይቀመጡ፦ ሁሉም ተማሪ የሚመጣበት፣ ግማሹ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ሁሉም በቤቱ የሚማርበት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የጤና ባለሥልጣን ትእዛዝ ነው ወይስ በአንድ ክፍል ውስጥ የታመሙ ተማሪዎች ቁጥር? ውሳኔውን ለወላጅ የሚያሳውቀውስ ማን ነው? እነዚህ መልሶች በግልጽ ይጻፉ። ሦስቱም ሁኔታዎች የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ መሆን አለበት። ትምህርት ቤቱ ድንገት ሲዘጋ የሚቀየረው ትምህርቱ የሚደርስበት መንገድ ብቻ እንዲሆን ማለት ነው። ይህ ሳይደረግ የተዘጋ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት «ምን እናስተምር?» እያለ ያባክናቸዋል።

በዚሁ ጊዜ የእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ መዝገብ ይታደስ፤ ለአንድ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ቁጥር። ስልክ የሌለው ቤተሰብ ካለ መልእክት የሚያደርስ የጎረቤት ስም ይመዝገብ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ወይም በዕድሜ የገፉ መምህራን ከክፍል ውጭ ያለውን ሥራ፣ ማለትም የስልክ ትምህርቱንና የመልመጃ ዝግጅቱን ይያዙ። ክትባት ካለ መምህራንና የጽዳት ሠራተኞች ሳይዘገዩ ይከተቡ።

የክፍሉ አየር

በትንፋሽ የሚሄድ ተሕዋስ ክፍል ውስጥ እንደ ጭስ ነው። አንድ ሰው ጥግ ላይ ቢያጨስ ሽታው ሌላኛው ጥግ እንደሚደርስ ሁሉ፣ የታመመ ልጅ ትንፋሽም በተዘጋ ክፍል ውስጥ እየተጠራቀመ ርቀን የተቀመጥነው ጋ ይደርሳል። አንድ ሜትር መራራቅ በቅርብ የሚረጨውን ይቀንሳል፤ የተጠራቀመውን ግን አያስቀርም። የተጠራቀመውን የሚያስወጣው የአየር ለውጥ ነው።

መነሻው ስሌት ነው። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሜትር ለክታችሁ አባዙ። 9 በ7 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል 189 ኩብ ሜትር አየር ይይዛል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ምክር አየሩ በሰዓት ቢያንስ አምስት ጊዜ እንዲለወጥ ወይም እንዲጣራ ነው። 189 ሲባዛ በ5፣ በሰዓት 945 ኩብ ሜትር። ይህ ቁጥር በክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ፤ ቬንትሌተርም ማጣሪያም የሚገዛው በእሱ ነው።

ቀጥሎ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። በቀለም የተጣበቀ፣ ዕቃ የተደገፈበት ወይም መቀርቀሪያው የተሰበረ መስኮት «አለ» ተብሎ አይቆጠር። ነፋስ የሚሻገረው በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች በኩል ክፍተት ሲኖር ነው። መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ በሩ ተከፍቶ በድጋፍ ይታሰር። ከዚያ ከመስኮቱ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በክር አንጠልጥሉ። ወደ ውስጥ ካዘነበለ አየር እየገባ ነው፤ በተቃራኒው ወገን የተንጠለጠለው ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ሁለቱም ቀጥ ብለው ከቆሙ መስኮቱ ክፍት ቢሆንም አየሩ አልተንቀሳቀሰም።

አየሩ ከቆመ አንድ ቬንትሌተር መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ትከሉ። በዙሪያው ያለውን ክፍተት በካርቶን ዝጉ፤ ካልተዘጋ ያወጣው አየር በጎኑ ዞሮ ይመለሳል። ተቃራኒው መስኮት ክፍት ይሁን። ብዙዎች ቬንትሌተሩን ወደ ልጆቹ ያዞሩታል፤ ይህ የአንዱን ልጅ ትንፋሽ በሌላው ፊት ላይ ማራገብ ነው። ጣሪያ ላይ የሚዞረው ደግሞ አየሩን ያደባልቃል እንጂ አይለውጥም፤ መስኮት ሳይከፈት ብቻውን ዋጋ የለውም።

ብርድ ባለበት ወቅት ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መቀመጥ ካልተቻለ በየ20 ደቂቃው ሁሉንም መስኮትና በር ለ5 ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት ይሠራል። ይህን «ሲታወሰን» ማለት ግን አይሆንም። አንድ ተማሪ የመስኮት አለቃ ይሁን፣ ሰዓትም ይሰጠው። ልጆች ይህን ሹመት ይወዱታል፤ ከመምህሩም በተሻለ ያስታውሳሉ።

መለካት ለሚፈልግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጋዙ ከሰው ትንፋሽ ጋር ስለሚወጣ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ በክፍሉ ውስጥ የሌላ ሰው ትንፋሽ ተጠራቅሟል ማለት ነው። የውጭ አየር 420 ፒፒኤም ገደማ ነው፤ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 420 ያህሉ ይህ ጋዝ ነው። ክፍል ውስጥ ከ800 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ800 በላይ ሲወጣ ተጨማሪ መስኮት ይከፈት፤ 1500 ከደረሰ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ክፍሉን ማናፈስ ይሻላል። መለኪያው በተቀመጠ ልጅ ራስ ቁመት ላይ፣ ከመስኮትና ከማንም አፍ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ንባቡም ክፍለ ጊዜው ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይወሰድ። ማለዳ ባዶ ክፍል ውስጥ የተወሰደ ንባብ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ምንም አይነግራችሁም። የሚገዛው በኢንፍራሬድ የሚለካው ዓይነት ይሁን፤ ርካሾቹ አንዳንዶቹ ሌላ ሽታ ለክተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚሉ ናቸው። መለኪያ ከሌለ አንድ ሰው ከውጭ ገብቶ ያሽት። ውስጥ የቆየ ሰው መታፈኑን አያውቀውም፣ ከውጭ የመጣ ግን በመጀመሪያው ትንፋሽ ያውቀዋል።

መስኮት ለማይበቃው ክፍል የአየር ማጣሪያ ይጨመራል። ሄፓ የተባለው፣ በጣም ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚይዝ ማጣሪያ ያለው መሣሪያ ሲገዛ በሰዓት ስንት ኩብ ሜትር ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ ይታይ፤ ቁጥሩ በኩብ ጫማ በደቂቃ ከተጻፈ በ1.7 ይባዛ። ከላይ ላለው ክፍል 300 ኩብ ሜትር የሚሰጥ መሣሪያ ሦስት ያስፈልጋል፤ የሚጎድለውን ጥቂት መስኮቱ ይሞላዋል። አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ በዚያ ፍጥነት መሣሪያው ስለሚጮህ መምህሩ በማግሥቱ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ተለቅ ያለ ገዝቶ በመካከለኛ ፍጥነት ማሠራት ይሻላል። ማጣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይቀንስም፤ ማጣሪያ ያለበት ክፍል ውስጥ መለኪያው ከፍ ቢል አየሩ አልተጣራም ማለት አይደለም።

በእጅ የሚሠራም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል ያስተዋወቁት ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ካሬ የሆኑ አራት መርቭ 13 ማጣሪያዎች (መርቭ የማጣሪያን ጥራት የሚለይ ደረጃ ነው)፣ ተመሳሳይ ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ቬንትሌተር፣ ካርቶንና ሰፊ ፕላስተር ይበቃል። አራቱን ማጣሪያዎች እንደ ሳጥን ግድግዳ አቁማችሁ በፕላስተር አያይዙ፤ በጠርዛቸው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሳጥኑ ውስጥ ያመልክት። ታቹን በካርቶን ድፈኑ። ቬንትሌተሩን አየሩን ወደ ላይ እንዲነፋ አድርጋችሁ በላይኛው አፍ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን አሽጉ። የቬንትሌተሩን አራት ማዕዘኖች መሃሉ በክብ በተቀደደ ካርቶን ሸፍኑ፤ ይህ ቀለበት ከሌለ አየር በማዕዘኖቹ በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀስት የተገለበጠበትና ፕላስተር የላላበት ሳጥን ድምፅ ብቻ ነው። ሽቦው ልጆች በማይረግጡበት በኩል ይለፍ፤ ማታ ይጠፋ።

ከሁሉም የሚበልጠው ደጅ ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 በበርሊን አጠገብ ሻርሎተንበርግ ውስጥ፣ በ1908 ደግሞ በአሜሪካዋ ፕሮቪደንስ ሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል የደጅ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። ዛፍ ጥላ፣ ዳስ ወይም ሸራ ይበቃል፤ ሸራው ግን በአራቱም ወገን ከተጋረደ ተመልሶ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ ፀሐይን በጀርባቸው አድርገው በግማሽ ክብ ይቀመጡ፤ መምህሩ ነፋሱ ድምፁን ወደ ልጆቹ በሚወስድበት በኩል ይቁም። ንባብ፣ የቃል ሒሳብና ታሪክ ለደጅ ይመቻሉ፤ ብዙ ጽሑፍ ያለበት ትምህርት አይመችም። መዝሙር፣ ስፖርትና በአንድነት ጮክ ብሎ ማንበብ ግን ውስጥ ፈጽሞ አይደረጉ፤ ሰው ድምፁን ባነሣ ቁጥር ከአፉ የሚወጣው ቅንጣት ይበዛልና። ለዚሁ ሲባል መምህሩ እንዳይጮህ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ብትገዙለት ገንዘቡ አልባከነም።

ወንበርና ፈረቃ

የ9 በ7 ሜትሩን ክፍል እንደገና እንውሰድ። ከሰሌዳው በኩል ለመምህሩ 2 ሜትር ሲተው 7 በ7 ይቀራል። ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ራቅ ብላችሁ ከአንዱ ወንበር መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 1.4 ሜትር ብትለኩ አምስት ረድፍ በአምስት፣ 25 ልጅ ይቀመጣል። 50 ተማሪ ያለበት ክፍል ስለዚህ ሁለት ቡድን ይሆናል። የወንበር እግር ያለበት ቦታ ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ምልክት ከሌለ በሦስተኛው ቀን ወንበሮቹ ተጠጋግተው ታገኟቸዋላችሁ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ። የአቀማመጥ ካርታ ተሠርቶ፣ ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። ኋላ አንድ ልጅ ሲታመም «ማን አጠገቡ ነበር?» ለሚለው መልሱ እዚያ ነው።

ቡድን ሀ እና ቡድን ለ ሲከፈሉ የአንድ ቤት ልጆች ሁሉ በአንድ ቡድን ይሁኑ። ታናሹ ሰኞ፣ ታላቁ ማክሰኞ ከመጣ ቤቱ በየቀኑ ከሁለቱም ቡድን ጋር ይገናኛል፤ ክፍፍሉም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ቡድኖቹ ቀን በቀን ይለዋወጡ ወይስ በሳምንት? ለታችኛው ክፍል ልጆች ቀን በቀን ይሻላል፤ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሳምንት ከመምህሩ ከራቀ ብዙ ይጠፋበታል። ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች ሳምንት በሳምንት የተሻለ ነው፤ በበሽታው ተይዞ የነበረ ካለ ቤቱ በሚቆይበት ሳምንት ምልክቱ ሊወጣ ይችላል።

ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደው መምህሩ ይሁን፣ ልጆቹ አይንቀሳቀሱ። የዕረፍት ሰዓት በ15 ደቂቃ ልዩነት ይለያይ። ምግብ ሲበላ ማስክ ስለሚወልቅ፣ ቢቻል ደጅ ይበላ፤ ጉርሻና የአንድ ዕቃ መጠጥ ለጊዜው ይቅር። የመግቢያ ሰዓት መጨናነቅ የሚፈጠረው በር ላይ ነው። ሁለት በር ካለ ሁለቱም ይከፈቱ፤ ወላጆች ከአጥር ውጭ ይመለሱ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ደግሞ ሁልጊዜ የሚረሳው ነው። ልጆቹን አራርቆ ያስቀመጠ መምህር እዚያ ገብቶ፣ ማስኩን አውልቆ፣ ከስምንት ባልደረቦቹ ጋር ሻይ ይጠጣል። አንድ መምህር ሲታመም ሌሎቹ ተከታትለው የሚወድቁት ብዙ ጊዜ ከዚህ ተነሥቶ ነው። ሻይ ደጅ ይጠጣ።

ማስክ

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በኮቪድ ጊዜ የሰጡት ምክር እንዲህ ነበር፦ 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች አይገደዱ፤ ከ6 እስከ 11 ያሉት እንደ አካባቢው የስርጭት ሁኔታና ልጁ አጠቃቀሙን እንደ መቻሉ ያድርጉ፤ 12ና ከዚያ በላይ ያሉት እንደ አዋቂ ያድርጉ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማስክ አይደረግም፤ ሊታፈን ይችላል። የጨርቅ ማስክ ሦስት ንብርብር ይኑረው፤ ውስጡ ጥጥ፣ ውጪው ውኃ የማይመጥ ጨርቅ። ከንብርብሩም በላይ የሚወስነው ከፊት ጋር መግጠሙ ነው፤ በጉንጭ በኩል ጣት የሚያስገባ ማስክ ትንፋሹን በዚያው ያሳልፋል።

ለአንድ ልጅ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲለበስ። ስም ይጻፍበት። ሲወልቅ በወረቀት ፖስታ ወይም በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ከገባ እርጥበቱ አይወጣም። የራሰ ይለወጥ። ሲሮጡና ሲተኙ አይደረግም። መስማት የሚቸገርና ከንፈር የሚያነብ ተማሪ ካለ መምህሩ ከፊት በኩል የሚያሳይ ማስክ ያድርግ ወይም ደጅ ራቅ ብሎ ገልጦ ያስተምር።

እጅ፣ ውኃና በረኪና

አንድ ቧንቧ ለ25 ልጅ አይበቃም። እያንዳንዱ 40 ሰከንድ ቢወስድ 17 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ መምህሩ ይተወዋል። አራት ማፍሰሻ ካለ ወደ አራት ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። በአንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር ብትይዙ፣ 25 ልጅ በቀን አራት ጊዜ ሲታጠብ 50 ሊትር ይፈልጋል።

ቧንቧ በሌለበት በእግር የሚረገጥ ማስታጠቢያ ይሠራል። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ከአፉ ዝቅ ብሎ በጋለ ሚስማር አንድ ጊዜ ይበሳ። በሁለት ባላ ላይ በተጋደመ እንጨት በመያዣው ይንጠልጠል። ከአንገቱ የታሰረ ገመድ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር ይያያዝ፤ እንጨቱ ሲረገጥ ጄሪካኑ ያዘነብልና ውኃ ይፈስሳል። ሳሙናው ተበስቶ በክር ይሰቀል። ከሥሩ ጠጠር ይነስነስ፤ ካልሆነ በሁለት ቀን ጭቃ ይሆንና ልጆች ይሸሹታል። ሳሙና እየጠፋ ካስቸገረ 30 ግራም ገደማ የዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጡ፤ ይሠራል፣ አይሰረቅምም። ሳኒታይዘር ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ይኑረው፤ ለትንንሾቹ በመምህር እጅ ይሰጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይተው፤ ይጠጡታል፣ እሳትም ይይዛል።

ጠረጴዛንና የበር እጀታን የመሰለውን ለማጽዳት 0.1 በመቶ ክሎሪን ይበቃል፤ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ 49 እጅ ማለት ነው። ትውከትና ደም ላይ አንድ እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውኃ ይሁን። ቅድሚያ በሳሙና ይታጠብ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ድብልቁም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሰው ላይ፣ በተለይ ልጅ ላይ መርጨት የተከለከለ ነው። በትንፋሽ ለሚሄድ በሽታ የበር እጀታና መጸዳጃ ቤት በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ቢጸዳ ይበቃል፤ የተረፈው ጉልበት ወደ መስኮቱ ይሂድ።

ልጅ ክፍል ውስጥ ሲታመም

እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ኒው ዮርክና ቺካጎ ትምህርት ቤቶቻቸውን ሳይዘጉ ቆይተዋል፤ የተማመኑትም ልጆችን በየዕለቱ በማየትና የታመመውን ወደ ቤቱ በመላክ ነበር። ያ አሠራር ዛሬም የሚጠቅም ነው። በር ላይ ያለው የግንባር ሙቀት መለኪያ ግን ምልክት ያላሳየውን ያሳልፋል፤ ፀሐይ ላይ የሮጠውን ይይዛል። ይልቅ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስም ሲጠራ እያንዳንዱን ልጅ ቀና ብሎ ይይ፤ ልጆቹን የሚያውቃቸው እሱ ነው።

ምልክት የታየበት ልጅ ማስክ ይደረግለት፤ መስኮቱ ወደ ተከፈተ፣ አስቀድሞ ወደ ተለየ ክፍል ወይም ወደ ጥላ ሥር ይወሰድ። አንድ አዋቂ ብቻ አብሮት ይሁን፤ ብቻውን ግን አይተው፣ ይፈራል። ወላጅ ይጠራ። መተንፈስ ከከበደው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መንቃት ካቃተው ወላጅ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና ይሂድ። በኮቪድ ጊዜ ምልክት ከመታየቱ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ አጠገቡ የነበሩት ይፈለጉ ነበር፤ የአቀማመጥ ካርታው የሚወጣው አሁን ነው። ለወላጆች የሚላከው መልእክት ክፍሉን እንጂ የልጁን ስም አይጥቀስ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ «አንድ ቀን ያልቀረ» ተማሪ የሚሸለምበት ልማድ በወረርሽኝ ዘመን ይቁም። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ክኒን ሰጥቶ የሚልከው ወላጅ ብዙ ጊዜ ይህን ሽልማት ወይም የቀረ ፈተናን ፈርቶ ነው። ታሞ ለቀረ ልጅ ፈተናው ሌላ ቀን እንደሚሰጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር።

ቤት ውስጥ ሲማሩ

በርቀት ማስተማር ኢንተርኔት አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1937 መኸር ቺካጎ ውስጥ የልጅነት ልምሻ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘገይ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት በሬዲዮ ተምረዋል፤ የዕለቱ ትምህርትና ጥያቄ በጋዜጣ ይወጣ ነበር። ሴራሊዮንም በ2014ቱ ኢቦላ ሬዲዮ ተጠቅማለች። ከሁለቱ የሚወሰደው ድምፅና ወረቀት አብረው መሄዳቸው ነው። ሬዲዮ ብቻውን ሲሆን ልጁ ይሰማል፣ ይስቃል፣ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ በየአራት አምስት ደቂቃው «አሁን በወረቀትህ ላይ ቁጥር ሦስትን ሥራ» ተብሎ ዝም ይባል። ያ ዝምታ ለአቅራቢው ረጅም ይመስለዋል፤ አይቁረጠው።

የመልመጃ ጥራዙ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ይሁን። ከመማሪያ መጽሐፉ ሁሉንም ለመሸፈን አትሞክሩ፤ የሚቀጥለው ክፍል ያለ እሱ የማይቆምባቸውን ብቻ ምረጡ፦ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ አራቱ የሒሳብ ስሌቶች፣ ለትላልቆቹ ክፍልፋይና መሠረታዊ ሳይንስ። የእያንዳንዱ ገጽ አሠራር እንዲህ ይሁን፤ አንድ ሙሉ የተሠራ ምሳሌ፣ ግማሹ ተሠርቶ የሚጨረስ ሁለት ጥያቄ፣ ልጁ ብቻውን የሚሠራው አምስት፣ በመጨረሻ ለቤተሰብ የሚነገር አንድ ነገር። ምሳሌ የሌለው ገጽ የሚሞላው በታላቅ ወንድም እጅ ነው። ለታችኛው ክፍል በቀን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመካከለኛው ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ሰባት ክፍለ ጊዜ ወደ ቤት የላከ ትምህርት ቤት መልስ የሚመለስለት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ጥራዙ በክፍል በክፍል በተለያየ ሰዓት ደጅ ላይ ይታደል፤ የተመለሰውን ወረቀት ፀሐይ ላይ ማስጣት አያስፈልግም፣ ካረሙ በኋላ እጅ መታጠብ ይበቃል። ሳይታረም የተቀመጠ ወረቀት ግን ልጁን ቀጣዩን እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ቀላል ስልክ ካለ በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ደውሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቦትስዋና ውስጥ በተደረገ ጥናት አጭር መልእክትን ከሳምንታዊ ጥሪ ጋር ያገኙ ልጆች በሒሳብ ተሻሽለዋል፤ መልእክቱ ብቻውን ግን ያን ያህል አልረዳም። ጥሪው በወላጅ ስልክ፣ ድምፁ ክፍት ሆኖ፣ አዋቂ ባለበት ይሁን፤ ይህ ልጁንም መምህሩንም ይጠብቃል። ሦስት ደቂቃ ሰላምታ፣ አሥር ደቂቃ አንድ ዓይነት ስሌት ብቻ፣ አራት ደቂቃ ልጁ መልሶ ለወላጁ እንዲያስረዳ፣ የቀረው ለቀጣዩ ቀጠሮ። በስልክ ቡድን የሚላክ ትምህርት በድምፅ ይሁን፣ ከሦስት ደቂቃም አይብለጥ፤ ቪዲዮ የቤተሰቡን ካርድ ይጨርሳል።

ማንበብ የማይችል ወላጅ «እኔ ምን እረዳዋለሁ?» ይላል። ይረዳል፤ ቋሚ ሰዓትና ቦታ ይስጠው፣ «ዛሬ የተማርከውን ለእኔ አስረዳኝ» ይበለው፣ የሠራውን ገጽ ይቁጠር። ጥሪውን ሁለት ጊዜ ያላነሣ ቤት ካለ አንድ ሰው በር ድረስ ሄዶ ደጅ ቆሞ ልጁን በዓይኑ ይይ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጠፋው ፊደል ብቻ አይደለም፤ ምሳውም፣ ልጁ ሲጎዳ የሚያይለት መምህርም አብረው ይጠፋሉ።

ሲከፈት

ከመከፈቱ በፊት ቧንቧዎች ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰሱ፤ የቆመ ውኃ አይጠጣም። ታንከሩ ይታጠብ።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት አይጀመርበትም፤ ይለካበታል። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ለሦስት አራት ደቂቃ ያንብብ፤ ፊደል፣ ቃል፣ አንድ አንቀጽ፣ ከዚያ አጭር ታሪክ። የቆመበት ደረጃ ይጻፍ፤ ሒሳብም እንዲሁ። ከዚያ ለሁለት ወር ያህል በቀን አንድ ሰዓት ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው ተቧድነው ይማሩ። ይህ ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት ለዓመታት የሠራበት ዘዴ ነው። በአየር የሚሄድ በሽታ አሁንም ካለ ይህ መቧደን ከተለያየ ክፍል የመጡ ልጆችን ያገናኛልና ደጅ ይደረግ። ብዙ መምህራን መጽሐፉ ያቆመበት ገጽ ላይ ገልጠው ይቀጥላሉ፤ ከፊት የተቀመጡት አምስት ልጆች ይከተላሉ፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

በዚያው ሳምንት ስም ጥሪው ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው መዝገብ ጋር ይመሳከር። ያልመጣ ልጅ «ቀሪ» ተብሎ አይታለፍ፤ ለእያንዳንዱ ስም አንድ መምህር ይመደብ፣ እስከ አሥር ቀን ምክንያቱ ይጻፍ፦ ታሞ፣ ሥራ ገብቶ፣ ተድራ፣ አርግዛ፣ ቤተሰብ ተዛውሮ። ሴራሊዮን ከኢቦላ በኋላ ያረገዙ ልጃገረዶችን ከክፍል ያገደው ደንብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በሩ ተዘግቶባቸው ነበር። ለእርጉዟ ፈረቃ፣ ሥራ ለገባው የማታ ወይም የቅዳሜ ክፍል፣ ለተዛወረው መሸኛ ደብዳቤ፤ ይህ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ነው መምህሩ ቤታቸው የሚሄደው።